አሮጊቷ ኤ6000 እና አዲሱ ኤ6700፦ ዓመት ከመንፈቅ ከሁለቱም ጋር

ባለፈው ሐምሌ የአክስቴ ልጅ ስትመረቅ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ በሁለት ካሜራ አነሳኋት። አንደኛዋ በ2011 ያገለገለች የገዛኋት ሶኒ ኤ6000 ናት፤ ሁለተኛው ኤ6700 ነው። ሌንሱ አንድ ነው፣ ሲግማ 56 ሚሊሜትር፤ ከአንዱ እየነቀልኩ ወደ ሌላው አዛውረው ነበር። ማታ ፎቶዎቹን ቀላቅዬ ላኩላትና የወደደቻቸውን አሥር እንድትመርጥ ነገርኳት። ከአሥሩ ስድስቱ የአሮጊቷ ሆነው ተገኙ። እኔ ራሴ የፋይሉን መረጃ ሳላይ ልለያቸው ሞክሬ ሁለቱን ተሳሳትኩ።

ይህን ያስቀደምኩት "አዲሱን ልግዛ ወይ?" የሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው የፎቶውን ጥራት ስለሆነ ነው። ደህና ብርሃን ባለበት፣ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ሲነሳ፣ በ24 እና በ26 ሜጋፒክሰል መካከል ትልቅ ልዩነት ይታየኛል የሚል ሰው የሚያየው ፎቶውን ሳይሆን የከፈለውን ገንዘብ ይመስለኛል።

ኤ6000 በፈረንጆቹ 2014 ስትወጣ ከሞባይል ፎቶ ወደ ካሜራ ለሚሻገር ሰው ጥሩ መግቢያ ነበረች። 179 የፎከስ ነጥብ (ጥርት አድርጋ ለማንሳት የምታነጣጥርበት ቦታ) አላት፣ በሰከንድ 11 ፎቶ ታነሳለች፣ ከነባትሪዋ 344 ግራም ናት። ኤ6700 የወጣው በ2023 ነው። እሱም በሰከንድ የሚያነሳው 11 ነው! ዘጠኝ ዓመት አልፎ ያ ቁጥር ንቅንቅ አላለም። የተለወጠው ሌላ ነው፦ 759 የፎከስ ነጥብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል)፣ ሰውን፣ እንስሳንና የመሳሰሉትን ለይቶ ለማወቅ የተመደበ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፕ።

ኤ6700ን ሚያዝያ 2016 ከዋሽንግተን ለፋሲካ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ፤ ቦዲው ብቻ፣ ያለ ሌንስ፣ 1,400 ዶላር። ሦስት ወር ቆይቶ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብልህ ሆኜ አይደለም፣ ቀኑ ገጥሞልኝ ነው። ዛሬ ቢሆን እገዛው ነበር ወይ? ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ልዩነታቸው የገባኝ ክርስትና ላይ ነው። የወንድሜ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ክርስትና ቤት ውስጥ ነበርን። ያለው ብርሃን አንድ አምፖልና ጧፍ ነው። ቄሱ ሕፃኗን ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ብቅ ጥልቅ ያደርጓታል፤ ሦስቱ ተደምረው ጥቂት ሰከንድ ናቸው። "አባ፣ አልያዝኩትምና ይድገሙልኝ" አይባልም። ታላቅ ወንድሟ በአርባ ቀኑ ሲነሳ ይዤ የነበረው አሮጊቷን ነው። ጨለማው ውስጥ ሌንሱ ወደፊት ወደኋላ እያለ ፎከስ ሲፈልግ ሁለቱ አመለጡኝ። ያገኘሁት ሦስተኛውም ጥርት ብሎ የወጣው የቄሱ እጅጌ ነው፤ የልጁ ፊት ደብዝዟል። በዚያ ላይ ኤ6000 ጨለማ ሲሆንባት ለፎከስ ብላ የምታበራው ብርቱካናማ መብራት አላት። አንድ አባት ዞር ብለው "ልጄ፣ ይቺን እሳት አጥፋልን" አሉኝ። ሜኑው ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ያኔ አላውቅም ነበር። ሻተሯም (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ጸሎት መሀል ቀጭ ሲል ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል።

በአዲሱ ሦስቱንም አገኘሁ። ድምፅ አልባውን ሻተር አብርቼ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ያገኘውን ብርሃን የሚያጎላበት መጠን) 6400 ላይ፣ ፎከሱ ሕፃኗ ዓይኗን ጨፍና ስታለቅስ እንኳ ፊቷን አልለቀቀም። ፎቶው ሲጎላ ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ማንም አላየውም። ስለ ሴንሰሩ ማረጋጊያ ብዙ ይወራል፣ እውነትም በ30 ሚሊሜትሩ ሌንስ የሻተሩን ፍጥነት እስከ ሰከንድ ስምንተኛ ድረስ አውርጄ ደህና ፎቶ አንስቻለሁ። ግን የሚያረጋጋው የእኔን እጅ ነው እንጂ የቄሱን አይደለም። ሰው ከተንቀሳቀሰ ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ፍጥነት ካስፈለገ ደግሞ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ።

ስለ ፍጥነት ካነሳሁ፣ አሮጊቷ ላይ ለዓመታት ያናደደኝን ነገር ልናገር። አይኤስኦውን አውቶ ላይ ስታደርጋት የሻተሩን ዝቅተኛ ፍጥነት መወሰን አትችልም። ብርሃን ሲቀንስ ወደ ሰከንድ 1/60 ትወርድና እዚያው ትቀመጣለች። ለቆመ ሙሽራ ይበቃል፤ እስክስታ ለሚመታ ሚዜ አይበቃም። ስንት የትከሻ ፎቶ ቅቤ ሆኖ እንደቀለጠብኝ! በኋላ ፍጥነቱን በእጄ መቆለፍ ለመድኩ። አዲሱ ላይ "ከ1/250 እንዳትወርድ" ብዬ አንድ ጊዜ ነግሬው ረስቼዋለሁ።

ሌላው ነጠላ ነው። ኤ6000 ዓይን የሚፈልግ ፎከስ አላት፣ ግን አዝራሩን ተጭኖ መያዝ ይጠይቃል፣ ሰውየው ከተራመደም አትከተለውም። ፊቷን በነጠላ ከፊል የሸፈነች እናት ላይ ስታነጣጥርባት ደግሞ ጥለቱን ትይዛለች። ጥለት ደማቅ ቀለምና ሹል መስመር ስላለው ካሜራ ይወደዋል። ጥምቀት ላይም እንዲሁ፤ ጃንሜዳ ላይ የድባቡ ዘርፍ ጥርት ብሎ ከሥሩ ያሉት ካህን የደበዘዙበት ፎቶ ስንት እንዳለኝ አልቆጠርኩም። ኤ6700 ከነጠላው ሥር አንድ ዓይን ካገኘ ይበቃዋል። አንዳንዴ ይስታል፣ በተለይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ከጎን ሲታይ፤ ቢሆንም ከመቶ የምጥላቸው ፎቶዎች በጣም ቀንሰዋል።

ስለ ነጭ ልብስ ግን አሮጊቷን አላማትም። ፀሐይ ላይ የሐበሻ ቀሚስና የጠይም ሰው ፊት አንድ ላይ ሲገቡ፣ ለፊቱ ካበራህ ጥልፉ ይጠፋል፣ ለቀሚሱ ካጨለምክ ፊቱ ይጠፋል። ሁለቱም ላይ ዜብራውን (ከልክ በላይ የበራውን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን ምልክት) አብርቼ፣ ነጩ መስመር መስመር ማለቱን እስኪተው አጨልምና ጥላውን ቤት ሄጄ ከሮው ፋይሉ (ካሜራው ሳይነካካው ከሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) አወጣዋለሁ። በዚህ ሥራ የ2014ቷ ካሜራ ዛሬም አታሳፍርም። የቆዳ ቀለም ላይ ግን አዲሱ ይሻላል፤ የአሮጊቷ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያደላብኛል፣ እያንዳንዱን ማረም አለብኝ።

ቪዲዮ ከሆነ ክርክር የለም። ኤ6000 የማይክ መሰኪያ የላትም፣ ፎርኬ (በጣም ጥርት ያለው ቪዲዮ) የላትም፣ 29 ደቂቃ ሲሞላም ራሷ ታቆማለች። መልስ ላይ የሽማግሌዎች ምርቃት ደግሞ በ29 ደቂቃ አልቆ አያውቅም! ድምፁን ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጥኩት ስልክ ቀድቼ ሌሊት ከምስሉ ጋር ሳገጣጥም አድር ነበር። አሁን ማይኩን ሰክቼ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ምርቃቱን ከነ"አሜን"ኑ እቀዳለሁ።

ግን ሲገዛ ማንም ያልነገረኝ ወጪ አለ። በፎርኬ፣ በ60 ፍሬም፣ ባለ 10 ቢቱን፣ ማለትም ቀለም በዛ አድርጎ የሚይዘውን ቅጂ ስመርጥ በሰከንድ 200 ሜጋቢት ይጽፋል። ስታሰሉት በሰዓት 90 ጊጋባይት ነው። የነበሩኝ ባለ 32 ጊጋባይት ካርዶች መጫወቻ ሆኑ። ላፕቶፔ ደግሞ ፋይሉን ከፈተና ቀጥ አለ፤ ተጫን ስለው አንድ ፍሬም ያሳየኝና ያስባል። ፕሮክሲ (ላፕቶፑ የማይከብደው ቀለል ያለ ቅጂ) መሥራት እስክማር ድረስ የመጀመሪያውን የሠርግ ቪዲዮ አምስት ሳምንት አዘገየሁ፣ የሙሽራው እናትም አልማሩኝም። አዲስ ካሜራ ለመግዛት ብር የሚያጠራቅም ሰው ካርዱንና ኮምፒውተሩን አብሮ ያስብ።

ባትሪ፦ ለሠርግ አራት ይዤ እወጣ ነበር፣ አሁን ሁለት ይበቃኛል። መብራት በጠፋ ቀን ከፓወር ባንክ እየሞላ መሥራቱም ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ እሮሮዬ። አንድ፣ በዚህ ዋጋ የካርድ ቦታው አንድ ብቻ ነው። ሠርግ የማይደገም ነገር ነው፤ ካርዱ ቢበላሽ ምን እላለሁ? እስካሁን አልደረሰብኝም፣ ግን በየእረፍቱ ካርድ እቀይራለሁ። ሁለት፣ የፎከሱን ነጥብ በአውራ ጣት የምናንቀሳቅስበት ጆይስቲክ የለውም። ሦስት፣ ይሞቃል። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር፣ ቀጥታ ፀሐይ ላይ፣ በፎርኬ 60 ስቀዳ የሙቀት ምልክቱ ብልጭ ብሎ ሙሽሮቹን ጥላ ውስጥ አስገባኋቸው። የሚጠፋበትን የሙቀት ገደብ ከሜኑው ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ እጅ ላይ ግን እንደ ፍም ይሆናል። ያ የምወደው ድምፅ አልባ ሻተር ደግሞ አዳራሽ ውስጥ በኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይሠራል። ይህን የተማርኩት ኬክ ሲቆረስ ነው። አሁን አዳራሽ ስገባ ድምፁን መልሼ አበራለሁ፤ ዘፈኑ መሀል ማን ይሰማዋል።

ዛሬ ቢሆን እገዛው ነበር ወይ? ለክፍያ ስለምሠራና ቪዲዮ ስለጀመርኩ፣ አዎ። ለቤተሰብና ለጉዞ ብቻ ለሚያነሳ ሰው ግን ያገለገለች ኤ6000 ከሲግማ 30 ጋር ይግዛ ነው የምለው። አብሯት የሚመጣውን 16-50 ሌንስ ለሰባት ወር ይዤ "ካሜራዋ ደካማ ናት" ስል ነበር። 30ውን የሰካሁባት ቀን ሌላ ካሜራ ሆነች። የካሜራውን ሳይሆን የሌንሱን ብር ቀድሜ ባወጣ ኖሮ ያን ሰባት ወር ባልማረርኩ። ሌንሶቹ አዲሱም ላይ ስለሚገቡ የወጣው ብር አይጠፋም።

አሮጊቷን አልሸጥኳትም። ጎማዋ ተላጦ፣ የፍላሽ ክዳኗ ላልቶ፣ አሁን ታናሽ እህቴ ሁለተኛ ካሜራ አድርጋ ትይዛታለች። ባለፈው እሑድ አብራኝ ክርስትና ስትሄድ ስለ ፎከስም ስለ ብርሃንም ምንም ከማስተማሬ በፊት ያሳየኋት ያቺ ብርቱካናማ መብራት ሜኑው ውስጥ የት እንደምትጠፋ ነው።