ዛፒያንን ለዴቢያን ለሚያሰናዱ በጎ ፈቃደኞች የቀረበ ምስጋና

ዛፒያን የተባለውን የክፍት ምንጭ የጽሑፍ ፍለጋ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የኮድ ስብስብ) ዴቢያን ሊኑክስ ለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በፓኬጅ (ለመጫን በተዘጋጀ ጥቅል) መልክ እያሰናዱ ለሚያቀርቡ በጎ ፈቃደኞች፣ በተለይም የላይብረሪው ዋና አልሚ ሆኖ ሳለ ፓኬጆቹንም ራሱ ለሚንከባከበው ለኦሊ ቤትስ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

በመሥሪያ ቤታችን የተከማቹትን የአማርኛ ሰነዶች በቃል እየፈለገ የሚያወጣ ፕሮግራም ለመሥራት ስንነሣ፣ ዛፒያን በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ስለሆነ ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ መለወጥ፣ እንዲሁም ከፓይተን ቋንቋ ጋር የሚያያይዘውን ማገናኛ ከዋናው ላይብረሪ ስሪት ጋር ማጣጣም የእኛ ዕዳ ይሆናል ብለን ሠግተን ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው አስቀድሞ ተሠርቶ በዴቢያን ማከማቻ ተቀምጧል። በፓይተን ለሚጽፍ «ፓይተን3-ዛፒያን»፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ለሚጽፍ «ሊብዛፒያን-ዴቭ» የተባሉት ፓኬጆች አሉለት፤ የሚያስፈልጉትን ተጓዳኝ ፓኬጆች የዴቢያን ፓኬጅ መጫኛ የሆነው አፕት ራሱ ያመጣል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው «ዛፒያን-ቱልስ» የተባለው የረዳት መሣሪያዎች ፓኬጅ ነው። በውስጡ ያለው «ዛፒያን-ዴልቭ» ወደ ኢንዴክሱ (ለፍለጋ ወደሚዘጋጀው የቃላት ማውጫ) የገቡትን ቃላት አንድ በአንድ ስለሚያሳይ፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት መመዝገባቸውን በዓይናችን አይተን፣ ሞክሼ ፊደላቱን ከኢንዴክስ በፊት ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ ኮድ ለመጨመር አስችሎናል። ላይብረሪው የአማርኛን ቃል ወደ ሥሩ የሚመልስ መሣሪያ ባይኖረውም፣ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደላት መመዝገቢያ ስልት በአግባቡ ስለሚያነብ በግእዝ ፊደል የተጻፈን ጽሑፍ ያለ ችግር ይቀበላል፤ ይህም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የዴቢያን የተረጋጋ ስሪት በዕድሜው ዘመን ከደኅንነትና ከከባድ ስሕተት እርማት በቀር ፓኬጆቹን ስለማይቀያይር፣ ዛሬ የተሠራው ኢንዴክስ ነገ አልነበብ ይላል የሚል ሥጋት የለብንም።

ስለዚህ ዛፒያንን የምትፈልጉ ሁሉ ከማይታወቅ ገጽ ከማውረዳችሁ በፊት በምትጠቀሙበት ሥርዓት ማከማቻ ውስጥ «አፕት ሰርች» ብላችሁ እንድትፈልጉት አጥብቄ እመክራለሁ። ፓኬጆቹን ኡቡንቱም ከዴቢያን ስለሚወስድ የኡቡንቱ ተጠቃሚዎችም ያገኟቸዋል። ኢንተርኔት የሌለው ሰርቨር ያላችሁ ደግሞ፣ ተመሳሳይ ስሪት በተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ፓኬጁን ከነተጓዳኞቹ አውርዳችሁ በፍላሽ ልትወስዱት ትችላላችሁ። በዴቢያን ላይ የፓኬጅ ጉድለት ካጋጠማችሁም «ሪፖርትበግ» በተባለው መሣሪያ ለአሰናጆቹ አሳውቋቸው።