ዕድራችን ያደለው የምጥን ዱቄት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነግሮ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በደብረ ብርሃን በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ስለነበር ደመወዜ ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ። ከግንቦት ወር ጀምሮ ትምህርት እስከተከፈተበት እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ እኔና ሁለት ልጆቼ የሰፈራችን ዕድር በየ15 ቀኑ ያድለው በነበረ የምጥን ዱቄት ተደግፈን ከርመናል። ዕድሩ እደላውን በዚህ የኑሮ ውድነት ዳግም ለመጀመር ስላሰበ፣ ያየሁትን በጎውንም ጉድለቱንም እጽፋለሁ።

የዱቄቱ ትልቁ ብልጫ ተፈጭቶ መምጣቱ ነው። ጥሬ ስንዴ በእርዳታ የደረሳቸው ጎረቤቶቼ የማስፈጫ ገንዘብ ስላልነበራቸው ከስንዴው ከፊሉን በርካሽ ሸጠው ለወፍጮና ለጨው ሲያውሉት አይቻለሁ። ንፍሮ ቀቅለን እንብላው ያሉትም ቢሆኑ ማገዶው አላስቻላቸውም፤ በደብረ ብርሃን ክረምት ደረቅ ኩበት ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነውና። ዕድሩ ግን እህሉን አስቆልቶ፣ አስከክቶና አስፈጭቶ ስለሚሰጥ፣ አጥሚቱ ውሃው ከፈላ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። የተቆላ በመሆኑ እንደ በሶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ለልጆቻቸው የሰጡ እናቶችም ነበሩ። ውሃው ካልፈላ ግን ተቅማጥ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ዕድሩ ዱቄቱን ሲያድል ይህን ቢያስጠነቅቅ ጥሩ ነበር።

ምጥኑ ከአራት እጅ ሦስቱ ገብስ፣ ቀሪው ባቄላና ሽምብራ ነው። ገብስ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ስለሚያሟላው፣ ገብስ ለብቻው ከሚሰጠው የተሻለ ምግብ ይወጣዋል። እንደ ፋፋ ቫይታሚንና ማዕድን ስላልተጨመረበት ግን ከሱ ጋር እኩል ነው ማለት አይቻልም። ጓያ ገብቶበት እንደሆነም ጠይቄ ነበር። ጓያ ከጥራጥሬ ሁሉ ርካሽ በመሆኑ በችግር ጊዜ መደባለቁ አይቀርም፤ ለወራት አዘውትረው ሲመገቡት ደግሞ እግርን ሽባ ያደርጋል። ጥራጥሬውን የለቀሙት እናት በጥያቄዬ ትንሽ ቅር ቢሰኙም፣ «ልጄ፣ የራሴም የልጅ ልጆች የሚበሉት እኮ ነው፤ ይልቅ ገንፎውን በተልባ ብትሠሪላቸው ይወዱታል» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ።

መጠኑን በተመለከተ ቅሬታ አለኝ። ለእያንዳንዱ ቤት የሚሰጠው የቤተሰቡ ብዛት ሳይታይ 10 ኪሎ ነበር። ለእኛ ለሦስታችን በቀን ለአንድ ሰው ከ220 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ 6 ሰው ላለበት ለጎረቤቴ ቤት ግን 111 ግራም ብቻ ይደርሳል። በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበው 15 ኪሎ እህል፣ ማለትም በቀን ግማሽ ኪሎ መሆኑን ላስተዋለ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ዱቄቱ በዋናነት ለልጆች የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ የሚበላ ነገር በሌለበት ቤት ለልጆች ብሎ ለይቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ በፍልሰታ እንኳ ዱቄቱ የጾም ስለሆነ ትልቁም ትንሹም ከአንድ ድስት ይበላ ነበር። ዘይትም ሆነ ጨው አብሮ አለመታደሉ ሌላው ጉድለት ነው።

የእደላው ሥርዓት ግን የሚመሰገን ነው። መሰብሰብ ስለተከለከለ ወጣቶች ዱቄቱን በየደጃፉ ያደርሱ ነበር፤ ማንም ተሰልፎ ጎረቤት እያየው አልተቀበለም። ይህ ለእኔ ከዱቄቱ ያልተናነሰ ነበር።

ምዝገባው ግን ከዕድሩ አባላት መዝገብ በመሆኑ፣ ወርኃዊ መዋጮ መክፈል የማይችሉት፣ ይኸውም ተከራዮች፣ የቀን ሠራተኞችና ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ከመጀመሪያው ቀርተዋል። እኔም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች አምልጠውኛል፤ ሦስተኛው ላይ የተመዘገብኩት አከራዬ «እነዚህ ልጆች በእኔ ግቢ ያሉ ናቸው» ብለው ለዕድሩ ጸሐፊ ስለተናገሩልኝ ነው። እንዲህ የሚናገርለት አከራይ ያላገኘ ተከራይ በዚያው ግቢ ውስጥ ሌላም ነበር፤ እሱ እስከ መጨረሻው አልተመዘገበም።