የኤክሶዞም ማውጫ ኪት ለጉበት ካንሰር ሴል፦ ፕሮቲን ልታጠኑበት ከሆነ አልመክርም

ኤክሶዞም (ሴል ወደ ውጭ የሚለቀው ጥቃቅን ከረጢት፣ የቬሲክል አይነት) ለማውጣት ይሄን ኪት ልንገዛ ነው እንዴት ነው የሚሉኝ ልጆች ስለበዙ አንዴ ልጻፈው። የማወራው ስለ ፖሊመሩ አይነት ነው፣ ሴሉ ያደገበትን ሚዲያ (ፈሳሽ ምግቡን) ሰብስባችሁ ፍርስራሹን በሴንትሪፊውጅ ካወጣችሁ በኋላ ሪኤጀንቱን ትጨምራላችሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይደርና ጠዋት በ10,000 ጂ ማዞር ነው፣ በቃ። አልትራሴንትሪፊውጅ አይፈልግም። በ100,000 ጂ ለ70 ደቂቃ ሁለቴ የሚያዞር ማሽን የሌለው ላብ ብዙ ነው፣ አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ለምን እንደሚወደድ ይገባኛል። ፔሌቱም (ታች የሚዘቅጠው) በደንብ ይታያል።

ግን ያ ፔሌት ኤክሶዞም ብቻ አይደለም! ፖሊመሩ አይመርጥም፣ ያገኘውን ሁሉ ነው ወደ ታች የሚያወርደው። የጉበት ሴል ደግሞ ስራው ራሱ ፕሮቲን ወደ ውጭ መልቀቅ ነው፣ ሄፕጂ2ም ሁህ7ም (ላብ ውስጥ የሚያድጉ የጉበት ካንሰር ሴሎች ናቸው) ካንሰር ሆነው እንኳን አልቡሚን፣ ኤኤፍፒ (አልፋ ፌቶፕሮቲን) እና አፖቢ የሚባል ፕሮቲን የተሸከመ ሊፖፕሮቲን (ስብ የሚያጓጉዝ ቅንጣት) ይለቃሉ። የከብት ኤክሶዞም እንዳይገባባችሁ ሴረም የሌለው ሚዲያ ብትጠቀሙም (እሱማ የግድ ነው) ሴሉ ራሱ የለቀቀው አብሮ ይወርዳል። በቢሲኤ (የጠቅላላ ፕሮቲን መለኪያ) ስትለኩ ፕሮቲኑ ብዙ ይመስላል፣ ማስ ስፔክ (የትኞቹ ፕሮቲኖች እንዳሉ የሚለይ ማሽን) ላይ ስታስገቡት ግን ዝርዝሩ አናት ላይ የሚቀመጡት አልቡሚንና አፖሊፖፕሮቲኖች ናቸው፣ የምትፈልጉት የቬሲክል ፕሮቲን ስር ይቀበራል። ፖሊመሩ ፖሊኢታይሊን ግላይኮል ከሆነማ ጭራሽ የባሰ ነው፣ በ44 ዳልተን እየተራራቁ የሚደረደሩ ፒኮች ያወጣና የፔፕታይዱን ሲግናል ይውጠዋል።

እኔ ያረካኝ በመጠን የሚለይ ኮለም ነው። ሚዲያውን በፊልተር አጥብቆ ሴፋሮዝ ሲኤል-2ቢ በሞላ ኮለም ማሳለፍ፣ ቬሲክሎቹ ቀድመው ይወጣሉ አልቡሚኑ ወደኋላ ይቀራል። ትልልቆቹ ሊፖፕሮቲኖች አብረው ሊወጡ ስለሚችሉ አፖቢን ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን በአንቲቦዲ የሚታይበት ዘዴ) ላይ ማየት አትተዉ። ምርቱ ያንሳል፣ ፍራክሽን (ከኮለሙ በየተራ የሚወጣውን ፈሳሽ) መሰብሰቡም ያደክማል፣ ግን የኤክሶዞም ምልክት የሆኑት ፕሮቲኖች ቲኤስጂ101 እና ሲዲ63 ቀድመው በወጡት ፍራክሽኖች ላይ ጥርት ብለው ሲታዩ ካልኔክሲን (ኤክሶዞም ላይ መኖር የሌለበት የሴል ውስጥ ፕሮቲን) ደግሞ ባዶ ሲሆን ያኔ ነው ውጤቱን የማምነው።

ሌላ ደግሞ ኪቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ሲዲ81 የሚባለውን ፕሮቲን የኤክሶዞም ማረጋገጫ አድርጎ ይመክራል። ሄፕጂ2 ሲዲ81 የለውም! የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ሄፕጂ2 ውስጥ አልገባ የሚለውም አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ብሎቱ ላይ የሲዲ81 ባንድ (መስመር) ስላልታየ ኤክሶዞም አልወጣም ብላችሁ ሳምፕላችሁን እንዳትደፉ፣ ሁህ7 ላይ ግን ይሰራል። ብዙዎቹ የሲዲ63 አንቲቦዲዎችም ሳምፕሉ ዲቲቲ ወይም ሜርካፕቶኢታኖል (የፕሮቲን ውስጥ የሰልፈር ትስስር የሚፈቱ ኬሚካሎች) ካለበት አይዙም፣ ሳትጨምሩ ጫኑት።

ከአምስት ሁለት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፣ እሱም ስለሚቀልና ማንም ላብ ውስጥ ስለሚሰራ ነው። ለማይክሮአርኤንኤ (አጫጭር አርኤንኤ) ጥናት ልግዛው ለምትሉኝም፣ ሊፖፕሮቲን ራሱ ማይክሮአርኤንኤ ስለሚሸከም ለጉበት ሴል እሱንም አልመክርም።