ሰብቲሊሲን ወይስ ቴርሞላይሲን? ለድሬዳዋና ለሐረር ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

እንደ ሰብቲሊሲንና ቴርሞላይሲን ያለ ፕሮቲን የሚያፈርስ የባክቴሪያ ኢንዛይም የሚገዛ ሰው፣ ፈሳሽ ሳሙና አምራች ማኅበርም ይሁን የሆቴል ላውንደሪ ወይም የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውንና በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የጉልበት መጠን ነው። ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው፤ ይሁን እንጂ በድሬዳዋ ሙቀትና ካልሲየም በበዛበት ውኃዋ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሞለኪውሉን ሳይፈርስ ያቆየው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ኢንዛይሙ ወደ ክሪስታልነት ተለውጦ በኤክስሬይ ሲጠና ግን እያንዳንዱ አቶም የት እንዳለ ይታወቃል።

በገበያ በብዛት የሚገኘው ሰብቲሊሲን ባሲለስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች የሚመረት ሲሆን ቅርጹ በ1969 ታውቋል። ቢፒኤን የተባለው ዓይነት 275 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ተያይዘው ፕሮቲን የሚሠሩ ቅንጣቶች፣ አሉት። ፕሮቲን የሚቆርጡት ሦስት አሚኖ አሲዶች፣ በ32ኛው ቦታ ያለው አስፓርቴት፣ በ64ኛው ያለው ሂስቲዲንና በ221ኛው ያለው ሴሪን፣ በአንድ ጎድጓዳ ቦታ ተገናኝተው ይሠራሉ። ለመቁረጡ ሥራ እንደ ዚንክ ያለ ብረት ነክ ንጥረ ነገር አያስፈልገውም፤ ካልሲየም ግን በሁለት ቦታ ተሰክቶ ሰውነቱን ያጠነክርለታል። ቅርጹ በ1972 የታወቀው ቴርሞላይሲን በአንጻሩ 316 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን የሚቆርጠው በመሀሉ በተያዘ አንድ የዚንክ አቶም አማካይነት ነው። ዚንኩን በ142ኛውና በ146ኛው ቦታ ያሉ ሁለት ሂስቲዲኖችና በ166ኛው ቦታ ያለ ግሉታሜት ይዘውታል። ከዚህ ሌላ አራት ካልሲየሞች አሉት፤ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ሊያስቀር የሚችለውም በእነርሱ ምክንያት ነው። ካልሲየሙ ሲወሰድበት ግን መልሶ ራሱን ይበላል።

ለአካባቢያችን ገዢ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የድሬዳዋ ውኃ በማንቆርቆሪያና በጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየጋገረ እንደሚቀር ሁሉም የከተማው ነዋሪ ያውቃል፤ ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች የሚሳብ ውኃ ትጠቀማለች። ይህ ካልሲየም ኢንዛይሙን የሚጠቅመውን ያህል ሳሙናውን ይጎዳል፤ በመሆኑም ላብሳና ቴክሳፖን ከሚባሉት አጣቢ ጥሬ ዕቃዎች ፈሳሽ ሳሙና የሚሠሩ ወገኖች ኢዲቲኤ ይጨምራሉ። ኢዲቲኤ እንደ ካልሲየምና ዚንክ ያሉ ብረት ነክ ንጥረ ነገሮችን የሚለቅም ኬሚካል ስለሆነ የቴርሞላይሲንን ዚንክ ነቅሎ ያወጣና ኢንዛይሙን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ሰብቲሊሲን ግን የሚቆርጠው በሴሪኑ ስለሆነ ሥራውን ይቀጥላል፤ የሚያጣው የካልሲየም ድጋፉን ነውና ቀስ በቀስ ይዳከማል። ስለዚህ ለሳሙና የሚገዛው ሰብቲሊሲን ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር ያለ አይመስለኝም። ብዙዎች የማያስተውሉት፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ሳይሆን አስቀድሞ በጄሪካኑ ውስጥ መሆኑን ነው። በሳፋው ያለው ጠንካራ፣ ማለትም ካልሲየም የበዛበት፣ ውኃ ኢዲቲኤውን ወዲያው በካልሲየም ያጠግበዋል፤ በተጣራ ውኃ በተሠራ ሳሙና ውስጥ ግን ሥራ ያጣው ኢዲቲኤ ለወራት ከኢንዛይሙ ጋር አብሮ ይቆያል። አምራቹ ኢዲቲኤውን ከውኃው ጥንካሬ ጋር እንዲመጣጠን አድርጎ መጨመር ይገባዋል።

ሌላው ጥያቄ ማንጫ፣ ማለትም ልብስ የሚያነጣ ኬሚካል፣ ነው። በሰብቲሊሲን ውስጥ ከሚቆርጠው ሴሪን ቀጥሎ በ222ኛው ቦታ ያለው ሜቲዮኒን በኦክስጅን ማንጫ ሲጠቃ ኢንዛይሙ አብዛኛውን ጉልበቱን ያጣል። ይህን አሚኖ አሲድ በሌላ በመተካት ማንጫን የሚቋቋም ሰብቲሊሲን መሥራት እንደሚቻል በ1985 ስለታየ፣ ማንጫ ያለበት ዱቄት ሳሙና የሚያመርት ሰው ይህን ዓይነቱን ለይቶ መጠየቅ አለበት። ተራው በረኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከየትኛውም ኢንዛይም ጋር ባንድ ውኃ መጨመር ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ስለ ሙቀት ሲነሳ ቴርሞላይሲን የሚበልጥ ይመስላል፤ ነገር ግን በ80 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት መጽናትና ከጅቡቲ ወደብ በኮንቴይነር መጥቶ በድሬዳዋ መጋዘን ወራት መቀመጥ አንድ አይደሉም። በፈሳሽ መልክ የሚሸጥ ሰብቲሊሲን ፕሮፒሊን ግላይኮልና ቦሬት የሚባሉት ማቆያዎች እንዳሉት አረጋግጡ፤ ቦሬቱ የሚቆርጠውን ቦታ ለጊዜው ይይዝና ሳሙናው በውኃ ሲቀጥን ይለቀዋል፤ በዚህም ኢንዛይሙ በዕቃው ውስጥ ራሱን ከመብላት ይድናል።

ቴርሞላይሲን የሚመረጠው ለላቦራቶሪ ነው። እንደ ሉሲንና ፌኒልአላኒን ካሉ ውኃ ጠል አሚኖ አሲዶች በፊት ስለሚቆርጥ፣ ፕሮቲንን በታወቁ ቦታዎች ከፋፍሎ ለማጥናት ይጠቅማል፤ የክሪስታል ጥናት ለሚያስተምርም ክሪስታሉ በቀላሉ ስለሚያድግ ጥሩ መለማመጃ ነው። የሚዘጋጅበት ፈሳሽ ካልሲየም ክሎራይድ ሊኖረው፣ ኢዲቲኤ ግን ጨርሶ ሊኖረው አይገባም። ዲኤንኤ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ግን ከሁለቱም ይልቅ ከፈንገስ የሚገኘውን የሰብቲሊሲን ዘመድ፣ ፕሮቲኔዝ ኬን ይግዛ።

ሰብቲሊሲን የደም፣ የወተትና የእንቁላል እድፍን ከጥጥ ላይ በደንብ ያስለቅቃል፤ ሐርና ሱፍ ግን ራሳቸው ፕሮቲን ስለሆኑ ይበላቸዋል። በሐረር ከእውነተኛ ሐር የተሠራ የሠርግ ልብስ ተቀብሎ የሚያጥብ ላውንደሪ ኢንዛይም የሌለበት ሳሙና ለብቻው ያስቀምጥ።

በመጨረሻ፣ የሚሸጥበትን መልክ ተመልከቱ። ሰብቲሊሲን የሚቀላቅሉ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች ብናኙን በመተንፈስ ለአስም እንደሚጋለጡ የተዘገበው የኢንዛይሙ ቅርጽ በታወቀበት በዚያው በ1969 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኢንዛይሙ በሰም መሰል ልባስ ተሸፍኖ በጥራጥሬ መልክ ይሸጣል። ከረጢቱ ሲከፈት የሚቦንን ልቅ ዱቄት ከሆነ፣ ርካሽ ቢሆንም አትግዙት።