ዘሩን እዚያው መዝራት ወይስ ችግኝ መትከል?

የጓሮ አትክልት ለመጀመር ሁለት መንገድ አለ። ወይ ዘሩን መደቡ ላይ ትዘራላችሁ፣ ወይ ሌላ ቦታ የፈላ ችግኝ አምጥታችሁ ትተክላላችሁ። የቱ ይሻላል? እንደ አትክልቱ ነው።

ካሮት ከሆነ ችግኙን እርሱት። ሥሩ ገና እንደ ክር ሳለ ከተነካ ይጣመማል፤ አንዳንዴም እንደ ሁለት እግር ይከፈላል። ዘሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሱት። ለመብቀል እስከ 3 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። እስከዚያ ግን አፈሩ እንዳይደርቅ።

ቲማቲም ላይ ግን ያለማመንታት ችግኝ እላለሁ። ከዘር ተነስቶ ለተከላ እስኪደርስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ያን ሁሉ ጊዜ ሜዳ ላይ ከቆየ አንድ ቀንድ አውጣ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ስትተክሉት የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሱና ግንዱን እስከ ወገቡ ቅበሩት። አንድ ጊዜ ምርቱ ካለቀ በኋላ ነቅዬ ሳየው፣ የተቀበረው ግንድ ዙሪያውን ሥር አብቅሎ ነበር። ደስ ሲል! ችግኙን ስታነሱም በቅጠሉ ያዙት። ቅጠል ይተካል፤ ግንዱ ከተጨፈለቀ ግን አለቀ።

ዘር በዋጋ ይረክሳል፣ የዝርያ ምርጫውም ሰፊ ነው። ችግኝ ደግሞ ጊዜ ይቆጥባል።

ሰላጣ በሁለቱም ይሆናል። እኔ ግን መዝራቱን እመርጣለሁ። ተጠጋግቶ ሲበቅል እየነቀላችሁ ታሳሱታላችሁ፤ ያ ለጋ ቅጠል ታጥቦ ወዲያው ሲበላ የሚጣፍጠው ጣዕም ሌላ ነው።