ለአይሲዩዋ ሲስተር

እማዬ ደህና ሆና ቤት ገብታለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሞቹን በአካል አመስግነናል። እዚህ ላመሰግን የፈለግኩት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ሌሊቱን ስታያት የነበረችውን ነርስ ነው። ስሜን አትጥራ ስላለችኝ ሲስተር ብቻ ልበላት።

እማዬ የገባችው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወደ ሴፕሲስ ተለውጦባት ነው፤ ሰውነት ከኢንፌክሽኑ ጋር ሲታገል የራሱን አካላት የሚጎዳበት ከባድ ሕመም ነው። የደም ግፊቷ ወርዶ ነበር፤ ሽንቷም ጠፋ። በር ላይ ቆመን የምንጠይቀው ያው ነው፦ «ትተርፋለች ወይ?» ብዙው ሰው ወይ «አይዟችሁ» ይላል ወይ ፊቱን ያዞራል። ሲስተር ግን አስረዳችን።

ሶፋ (SOFA) የሚባል፣ የአካል ክፍሎች ምን ያህል እንደተጎዱ የሚለካ የነጥብ አሰጣጥ አለ። ሳንባ፣ የደም መርጋት፣ ጉበት፣ የደም ዝውውር፣ አንጎልና ኩላሊት ለየብቻ ከ0 እስከ 4 ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ እስከ 24 ይደርሳል። ከፍ ባለ ቁጥር አደጋው ይብሳል። ታናሽ ወንድሜ ይህን እንደሰማ ጎግል አድርጎ የሞት ፐርሰንት ይዞልን መጣ። (ምን ዓይነት ልጅ ነው!) ሲስተር ቁጭ አድርጋ «ይሄ የብዙ ሕመምተኞች ድምር ነው፤ የእናትህን ለብቻ አይነግርህም። ቁጥሩ በሚቀጥሉት ቀናት ወዴት እንደሚሄድ እንይ» አለችው።

የምትከታተለውም እሱን ነበር። ሽንቷን በየሰዓቱ ለክታ ትጽፋለች፤ በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከግማሽ ሚሊ ሊትር ካነሰ ሐኪም ትጠራለች። አማካይ ግፊቷ ከ65 እንዳይወርድ ግፊት የሚያነሳውን መድኃኒት ጠብታ ትከታተላለች። ሞኒተሩ ሲጮህ ቀድማ የምታየው እማዬን ነው፤ ጣቷ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ መቆንጠጫ ተንሸራቶም ሊሆን ይችላላ!

አንድ ሌሊት ደግሞ ሞኒተሩ ዝም ባለበት፣ የእማዬ ትንፋሽ ፈጠን ማለቱንና መቀባዠር መጀመሯን አይታ ተረኛውን ሐኪም ቀሰቀሰችው። ራጅ ሲነሳ ሳንባዋ ውሃ መያዝ ጀምሮ ኖሯል። ቶሎ ተደረሰላት። ይህን ጠዋት የነገረን ሐኪሙ ራሱ ነው፤ እሷማ ትንፍሽ አላለችም።

የት እንደምትሠራ ለሚፈልግ በኢንቦክስ እነግራለሁ። አስታማሚ የሆናችሁ፣ የትም ሆስፒታል ብትሆኑ «ከትናንት ዛሬ ምን ተለወጠ? የግፊቱ መድኃኒት ቀነሰ ወይ? ሽንቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሆስፒታሉ አለቆችም ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ ሌሊት ላይ እንድትከታተል የምትሰጧትን የሕመምተኛ አልጋ ቁጥር ቀንሱላት።