«ሬዚደንት ኢቭል»ን ዛሬ ስንመዝነው

የጃፓኑ ኩባንያ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1996 ለፕሌይስቴሽን ያወጣውን ይህን አስፈሪ የቪዲዮ ጨዋታ ሰሞኑን እንደገና ይዤዋለሁ። ዛሬ የሚጀምረው ሰው መጀመሪያ የሚማረረው በአካሄዱ ነው፤ የላይኛው ቁልፍ ገጸ ባሕሪውን ፊቱ ወደዞረበት እንጂ ወደ ስክሪኑ አናት አይወስደውም። ይህ ግን የአሠራር ድክመት አይደለም። ክፍሎቹ ቀድመው የተሠሩ ሥዕሎች ናቸው፤ ካሜራውም ከቦታው አይነቃነቅም። ዕይታው ከአንዱ ቋሚ ካሜራ ወደ ሌላው በድንገት ሲቀየር ቀጥ ብለን መሮጥ የምንችለው በዚሁ አካሄድ ነው።

በር በጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲከፈት ዲስኩ ቀጣዩን ክፍል ለማንበብ ፋታ ያገኛል፤ እኛም ከበሩ ወዲያ ያለውን እየፈራን እንጠብቃለን። በጨዋታው ውስጥ የደረሱበት የሚቀመጠው በጽሕፈት መኪና ነው፤ የቀለም ሪባኑ ካለቀ ማስቀመጥ አይቻልም። አንድ ሪባን ይዞ «አሁን ልጠቀምበት ወይስ ልለፍ?» ብሎ ማመንታት ዛሬም ልብ ያንጠለጥላል፤ በየደረጃው በራሱ የሚያስቀምጥ አዲስ ጨዋታ ይህን ጭንቀት አይሰጠኝም።

የማልምረው የድምፅ ትወናውን ነው። ያን ጊዜም ደካማ ነበር፤ ዕድሜ ሰበብ አይሆነውም።